የመኪናን የኋላ ባሌስትራ ዝቅ ስለ ማድረግ

በላስታ ተራሮች መካከል የሚነግድ ሰው ከሸቀጡ ዋጋ ቀጥሎ የሚያስበው ስለ መንገዱና ስለ መኪናው ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ወደ እርሷ የሚገባው ዘይት፣ ስኳር፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ፣ ከአካባቢዋም የሚወጣው ማርና እህል የሚያልፈው አቀበትና ቁልቁለት በበዛበት ጎዳና ነው። በተለምዶ የቻይና መንገድ የሚባለው ጎዳና ከወልዲያ ተነሥቶ በድልብ በኩል ወደ ጋሸና ይወጣና ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወረታ ይቀጥላል፤ ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው መንገድ ደግሞ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው።

በእንዲህ ያለ አገር የሚሠራ የፒክአፕ ወይም የትንሽ ጭነት መኪና ባለቤት ጭነት በበዛበት ጊዜ የመኪናው ኋላ እንዳይወርድ በማለት በፋብሪካው ባሌስትራ ላይ ሌላ ብረት ማስጨመሩ የተለመደ ነው። መኪናው ከፍ ይላል፤ ባለቤቱም ለጊዜው ደስ ይለዋል። ዳሩ ግን ውሎ አድሮ የሥራው ዐይነት ይለወጣል። ሲሚንቶ ያመላለስ የነበረው መኪና ለገና በዓል የሚመጡ ምእመናንን ወይም በሹምሽሃ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርዱ እንግዶችን ለማጓጓዝ ይፈለጋል። ባዶውን ሲሄድ ይዘላል፤ ተሳፋሪውን ያንገላታል፤ ኩንታል ለሚያነሣው ወዛደርም የመጫኛው ከፍታ ይበዛበታል። ይህን ጊዜ ባለቤቱ ክሪክና ቁልፍ ይዞ በገዛ ግቢው ኋላውን ዝቅ ለማድረግ ይነሣል።

አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ሥራውም ጥንቃቄ ላለው ሰው ከዐቅም በላይ አይሆንም። ነገር ግን የኋላ ከፍታ የመልክና የምቾት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል። ከፍታው ለፍሬን፣ ለመብራትና ለጭነት የሚናገረው ነገር አለ። ይህን ሳይረዱ ከፍ ማድረግም ሆነ ዝቅ ማድረግ በቁልቁለት ላይ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

1ኛ. የባሌስትራ ጠባይ

ባሌስትራ ማለት በርዝመት እየተበላለጡ የተደራረቡ፣ በመካከላቸው በአንድ ብሎን የተያዙ ዝርግ ብረቶች ናቸው። በሞተር የሚሄድ መኪና ከመፈጠሩ በፊትም ሠረገሎች በዚህ ዐይነት ብረት ይንጠለጠሉ ነበር፤ ኦባዲያ ኤሊዮት የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1804 በሠረገላ ባሌስትራ ላይ ያወጣው ፈጠራ በታሪክ የታወቀ ነው። የሥራው ሕግ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፣ እንዲህ ያለ ብረት የሚታጠፈው በተጫነበት ክብደት ልክ ነው፤ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን መታጠፉም እጥፍ ይሆናል።

የንብርብሩን ጥንካሬ የሚወስኑት በተለይ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የብረቶቹ ቁጥር ነው። ውፍረታቸው እኩል ከሆኑ 5 ብረቶች አንዱ ቢወጣ ከጥንካሬው 5ኛው እጅ ያህል ይቀንሳል። ሁለተኛው ውፍረታቸው ነው፤ በዚህ ረገድ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአንድ ዝርግ ብረት ጥንካሬ የሚለካው ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው። 8 ሚሊ ሜትር ሦስት ጊዜ ሲባዛ 512፣ 7 ሚሊ ሜትር ሦስት ጊዜ ሲባዛ 343 ይሆናል። እንግዲህ በዐይን የማይለየው የ1 ሚሊ ሜትር ጉድለት የብረቱን ጥንካሬ በሦስተኛ እጅ ያህል ያጎድለዋል ማለት ነው።

2ኛ. ሒሳቡ በምሳሌ

አንድ ፒክአፕ ከፋብሪካ 5 ብረት ይዞ ወጣ፤ ባለቤቱም አንድ ጨመረበትና 6 ሆነ እንበል። ሒሳቡ ቀላል እንዲሆን ሁሉም በውፍረት እኩል ናቸው ብሎ ማሰብ ይበቃል። 10 ኩንታል ሲጫን በ6 ብረት ኋላው 10 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ የተጨመረው ሲወጣና 5 ሲቀር 12 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ባለቤቱ ይህ አልበቃው ብሎ ከፋብሪካው ብረት አንዱን ደግሞ ቢያወጣ፣ በ4 ብረት 15 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። በአክስሉና በሻንሲው መካከል እስከ ጎማ ማቆሚያው ያለው ክፍት ቦታ 14 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ መኪናው ገና በቆመበት አክስሉ ሻንሲውን ይነካል። በጉድጓድ ላይ ሲያልፍ የሚደርሰውን ምት አንባቢው ራሱ ሊገምተው ይችላል።

ደግሞም አንድ ብረት በወጣ ቁጥር የቀሩት ይከፋፈሉታል። 5ቱ ይሸከሙት የነበረውን 4ቱ ሲሸከሙ በእያንዳንዱ ላይ የ25 በመቶ ጭማሪ ይደርሳል። ባሌስትራ የሚሰበረው አንድ ቀን ብዙ ስለ ተጫነ ብቻ አይደለም፤ ከዐቅሙ በላይ ብዙ ሺህ ጊዜ ታጥፎ ሲደክም ነው።

3ኛ. ከፍታው ለፍሬን የሚናገረው

የትምህርቱ ዋና ነጥብ ይህ ነው። በብዙ ፒክአፖችና የሕዝብ ማመላለሻ ቫኖች ላይ፣ ከኋላ አክስል ተነሥታ በሻንሲው ላይ ካለ ቫልቭ ጋር የምትያያዝ ቀጭን ዘንግ አለች። ቫልቩ ለኋላ ፍሬን የሚደርሰውን የዘይት ግፊት ይወስናል። ጭነት ሲበዛ ሻንሲው ወደ አክስሉ ይቀርባል፤ ዘንጓ ትገፋለች፤ ቫልቩም የኋላውን ፍሬን ያበረታዋል። መኪናው ባዶ ሲሆን ሻንሲው ይርቃል፤ ቫልቩም የኋላው ጎማ ተይዞ እንዳይንሸራተት ግፊቱን ይቀንሳል። በአዳዲስ መኪኖች ይህን ሥራ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተረክቦታል፤ በቀድሞዎቹ ላይ ግን ሥራውን የምትሠራው ይህችው ዘንግ ናት።

ቫልቩ ክብደት አይመዝንም፤ የሚያውቀው ርቀትን ብቻ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ኋላውን ከፋብሪካው ልክ በታች 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢያደርግ፣ ባዶው መኪና የተጫነ መስሎ ይታየዋል። ዝናም በጣለበት መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ የኋላው ጎማ ቀድሞ ይቆማል፤ የመኪናውም ኋላ ወደ ጎን ይዞራል። በተቃራኒው ብረት በተጨመረበት መኪና ላይ፣ 10 ኩንታል የተሸከመው መኪና ባዶ መስሎ ይታየዋል። የኋላው ፍሬን ይሰንፋል፤ ሸክሙ ሁሉ በፊተኛው ፍሬን ላይ ይወድቃል።

ይህ በቁልቁለት ምን ማለት እንደ ሆነ በቁጥር ሊታይ ይችላል። ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ወደ ታች ሲወርድ የሚፈጠረው ሙቀት 45 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ሞተሩ የዚህን ሙቀት ብዙውን ክፍል ይወስዳል፤ በፍሬን ብቻ ከወረደ ግን ሙቀቱ የሚያርፈው በፍሬኑ ብረትና ሸራ ላይ ነው። ሙቀቱን አራቱ ጎማዎች ሲካፈሉት አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ብቻቸውን ሲሸከሙት ሌላ ነገር ነው። የጋለ ፍሬን ይደክማል፤ ዘይቱ ሲፈላም ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል።

የቀድሞው የላስታ ነጋዴ ይህን ጥበብ በበቅሎው ላይ ያውቀው ነበር። አቀበት ሲወጣ ጭነቱ ወደ ኋላ፣ ቁልቁለት ሲወርድ ወደ ፊት እንደሚሸሽ ስለሚያውቅ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ጠፍሩን ሳያጠብቅ አይወርድም ነበር። የዛሬው ነጋዴ በቅሎውን በመኪና ቢለውጥም ቁልቁለቱ ያው ነው።

4ኛ. እስከ የት ዝቅ ይደረግ

ከላይ ከተነገረው የሚወጣው ፍርድ አጭር ነው። በላስታ ዝቅ ማድረግ ማለት መኪናውን ወደ ፋብሪካው ከፍታ መመለስ ማለት ይሁን። የተጨመረ ብረት ያለበት መኪና ቢመለስ ይለሰልሳል፣ ለመጫን ይቀላል፣ በመታጠፊያ ላይ የመገልበጥ ፍርሃቱ ይቀንሳል፣ ፍሬኑም ሚዛኑን ያገኛል። ከፋብሪካው በታች መውረድ ግን ለዚህ አገር የሚስማማ አይደለም።

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በመኪናቸው ኋላ የአሸዋ ከረጢት እየጫኑ ዝቅ አድርገው በከተማ አስፋልት ላይ ቀስ ብለው ይንሸራሸሩ ነበር። ያ ለሽርሽር የተደረገ ነው፤ መንገዱም ለጥ ያለ ነው። በላስታ ጠጠርና ቦይ ላይ ግን የማርሚታው፣ የነዳጅ ታንኩና የኋላ መከላከያው ከፍታ ያስፈልጋል። በጠምዛዛ መንገድ ላይ ቦይ ሲሻገር መጀመሪያ መሬት የሚነካው ወደ ኋላ የተረፈው የመኪናው ክፍል ነውና።

መብራትም የሚረሳ አይደለም። በፊትና በኋላ ጎማው መካከል 2 ሜትር ከ85 ሴንቲ ሜትር ያለው መኪና ኋላው 5 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ፣ የፊት መብራቱ ጨረር በ50 ሜትር ርቀት ላይ 88 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይነሣል። በሌሊት ፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር ዐይኑ ይታወራል ማለት ነው።

5ኛ. የሥራው ቅደም ተከተል

ሀ. አስቀድሞ ይለካ። መኪናው በደልዳላ መሬት ቆሞ፣ ጎማው በልኩ ተነፍቶ፣ ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ርቀት በግራም በቀኝም ይለካ፤ ባዶውንም፣ በተለመደው ጭነትም ይጻፍ። የግራና የቀኙ ልኬት ቢለያይ ከሁለቱ አንዱ ባሌስትራ ደክሟል ወይም ተሰብሯል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው መኪና የሚያስፈልገው ብረት ማውጣት ሳይሆን ባሌስትራ መለወጥ ነው።

ለ. ብረቶቹ ይቆጠሩ። ቁጥራቸውና ውፍረታቸው ከፋብሪካው መጽሐፍ ጋር ይነጻጸር። የተጨመረው የትኛው እንደ ሆነ ሳይታወቅ ምንም አይፈታ።

ሐ. መኪናው ይያዝ። የፊት ጎማዎቹ በሁለቱም በኩል ታኮ ይደረግባቸው፤ የኋላው ሲነሣ የእጅ ፍሬን አይጠቅምምና። በክሪክ ከተነሣ በኋላ ካቫሌቶ የሚባለው የብረት እግር ከሻንሲው ሥር ይግባ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ። ድንጋይ ደርድሮ መኪና ማቆምም ክልክል ይሁን፤ ድንጋይ ይሰነጠቃልና።

መ. ንብርብሩ ይፈታ። አክስሉ በሌላ ክሪክ ተደግፎ የሾክ አብዞርበሩ የታች ብሎን ይለቀቅ፤ ቀጥሎም ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ያሰሩት ጎባጣ ብሎኖች ይፈቱ። ንብርብሩ ከወረደ በኋላ የመካከሉ ብሎን ከመፈታቱ በፊት በሞርሳ ይጠበቅ፤ ብረቶቹ እንደ ተወጠረ ቀስት ናቸውና ቢፈናጠሩ እጅ ይሰብራሉ።

ሠ. የተጨመረው ብቻ ይውጣ። የቀሩት ተጠርገው፣ ስንጥቅ እንዳለባቸው ተመርምረው በአዲስ የመካከል ብሎን ይታሰሩ። የዚህ ብሎን ራስ በአክስሉ መቀመጫ ላይ ባለው ቀዳዳ በትክክል መግባት አለበት፤ ካልገባ አክስሉ ይጠማል፤ ጎማውም ያለ ጊዜው ይበላል።

ረ. ሲታሰር። ጎባጣዎቹ ብሎኖች አንድ ጊዜ ከተወጠሩ ስለሚሳቡ በአዲስ ይለወጡ፤ ዳዶዎቹም በሰያፍ እየተፈራረቁ በፋብሪካው ልክ ይጥበቁ። በባሌስትራው ጫፍ ያሉት የጎሚኒ ብሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ሳለ ቢጠብቁ ጎሚኒው ተጠምዞ ይቀራል፤ ፈጥኖም ይቀደዳል። ከ500 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ሁሉም እንደ ገና ይጥበቁ።

ሰ. ግራና ቀኙ በአንድ ቀን ይሠሩ። አንዱ ወገን ብቻ ተሠርቶ የሚያድር መኪና ወደ መንገድ አይውጣ።

ሸ. ይፈተን። የፍሬን ቱቦውና የእጅ ፍሬን ገመዱ እንዳልተወጠሩ፣ የቫልቩ ዘንግ እንዳልታጠፈች፣ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግም እንደማይንቀጠቀጥ ይታይ። ቀድሞ ብረት ሲጨመር የቫልቩን ዘንግ አስረዝሞ ያሰረ ሰው ካለ፣ ባለሙያ ወደ ቀድሞ ቦታዋ ይመልሳት። ክፍት ቦታው ይበቃ እንደ ሆነ ለማወቅም ርካሽ ዘዴ አለ፦ በጎማ ማቆሚያው ላይ እርጥብ የሸክላ ጭቃ ይለጠፍና መኪናው የተለመደውን ጭነት ይዞ በሻካራ መንገድ ይሂድ። ጭቃው ተጨፍልቆ ከተገኘ አክስሉ ማቆሚያውን እየመታ ነው።

6ኛ. ፈጽሞ የማይደረጉ

ሞላን በመጋዝ መቁረጥ፣ ባሌስትራን ወይም ሞላን በእሳት አግሎ ማውረድ፣ የተሰበረውን በብየዳ ማያያዝ፣ እነዚህ ሦስቱ ከጥገና አይቆጠሩም። የባሌስትራ ብረት ጠባዩን ያገኘው በፋብሪካ ግሎ፣ በድንገት በርዶ፣ እንደ ገናም በልክ ሞቆ ነው። ባለ እጁ የተጣለ ባሌስትራ በከሰል አቅልቶ ማረሻና ማጭድ የሚያወጣው እሳት ያንን ጠባይ ስለሚያፈርሰው ነው። በእሳት የተዳከመ ባሌስትራ ማጭድ ለመሆን እንጂ መኪና ለመሸከም አይበቃም።

በአክስልና በባሌስትራ መካከል የሚገባ የብረት ማገዶም ማስተዋል ይፈልጋል። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ባለበት መኪና ማገዶው ኋላውን ከፍ ያደርጋል፤ ዝቅ የሚያደርገው ባሌስትራው ከአክስሉ በታች በሚያልፍበት መኪና ብቻ ነው። ይህን ሳይለዩ መግዛት ገንዘብ ማጥፋት ነው።

7ኛ. ለአስመጪና ለባለ ሱቅ

ባሌስትራ የሚያስመጣ ነጋዴ በትእዛዙ ላይ የመኪናውን ስም ብቻ መጻፉ አይበቃውም። የብረቶቹ ቁጥር፣ የእያንዳንዱ ውፍረትና ስፋት፣ ከመካከሉ ቀዳዳ እስከ ጫፎቹ ያለው ርዝመት ተለይቶ ይጻፍ። ዕቃው ሲደርስም በመለኪያ ይመርመር፤ የ1 ሚሊ ሜትር ጉድለት የጥንካሬውን ሦስተኛ እጅ እንደሚወስድ ከላይ ታይቷል። ባለ ሱቁም ባሌስትራን በጥንድ፣ ከአዲስ ጎባጣ ብሎንና ጎሚኒ ጋር ቢሸጥ ለገዢውም ለሱቁ ስምም ይበጃል። ብረት ለማስጨመር የሚመጣውን ደንበኛ ደግሞ ስንት ኩንታል እንደሚጭን ይጠይቀው። ባሌስትራ ቢጨመር ኋላው ከፍ ይላል እንጂ የፍሬኑ፣ የጎማውና የአክስሉ ዐቅም አይጨምርም።

የመንገዱም ዐቅም አይጨምርም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት በተደረገው ታላቅ የመንገድ ፈተና እንደ ታወቀው፣ አክስል በአስፋልት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በክብደቱ አራት ጊዜ ብዜት ያህል ያድጋል። 20 በመቶ ትርፍ የጫነ አክስል መንገዱን የሚጎዳው በ20 በመቶ ሳይሆን በእጥፍ ነው። የጎደጎደው መንገድ ተመልሶ ባሌስትራ ይሰብራል፤ ወጪውም ወደዚያው ነጋዴ ይመለሳል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ሲታይ፣ በእጅ ያሉት መኪኖች ለብዙ ዘመን ተጠግነው መሥራት እንደሚኖርባቸው ግልጽ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ደግሞ በብዙዎቹ ባትሪያቸው ከወለሉ ሥር የተዘረጋ በመሆኑ፣ እነርሱን ዝቅ ማድረግ እጅግ ውድ የሆነውን ዕቃ ለድንጋይ ማጋለጥ ነው። አስመጪው ለደገኛው አገር ሲያመጣ ከመሬት ያላቸውን ከፍታ አስቀድሞ ይጠይቅ።

በ2002 ዓ.ም. በወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 መሠረት መኪና በየዓመቱ ይመረመራል። ሆኖም ቦሎ የተለጠፈበት መኪና ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ ከምርመራው በማግስቱ የተጨመረ ወይም የወጣ ብረት የሚገኘው በባለቤቱ ኅሊና ዘንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ባዶውንና በጭነት የተለካው የኋላ ከፍታ በወረቀት ተጽፎ ከሊብሬው ጋር ይቀመጥ፤ በየሦስት ወሩም እንደ ገና እየተለካ ይነጻጸር። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ልኬቱ የተለወጠበት መኪና የጋሸናን ቁልቁለት ከመውረዱ በፊት ወደ ጋራዥ ይግባ።